የአንባቢያን ጥያቄ፦ የመንፈቅ ሒሳብና በጀሪካን ውስጥ የተቀመጠው ትርፍ

ጥያቄ፦ ድርጅታችን ባሕር ዳር ውስጥ የኑግ ዘይት መጭመቂያ፣ የፕላስቲክ ጀሪካን ማምረቻና የጭነት መኪኖች አሉት። ሦስቱም የየራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ። ባንኩ ለብድር የታኅሣሥ 30 ሒሳባችንን በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት መስፈርት) ሠርተን እንድናመጣ ጠይቆናል። የሦስቱን ደምሮ ማቅረብ ይበቃል? ሥራ አስኪያጃችን ግንቦት ላይ የሚደረገውን የመጭመቂያ እድሳት ወጪ ግማሹን አሁን ያዙ ይላሉ። ግብሩስ በ30 በመቶ ቢሰላ ያስኬዳል? (ከሒሳብ ክፍል)

መልስ፦ ብቻውን መደመር ባንኩን ያሳስታል። ከመደመራችሁ በፊት አንዱ ክፍል ለሌላው የሸጠውን አውጡ። ለምሳሌ ማምረቻው ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በ120 ብር ሠርቶ ለመጭመቂያው በ150 ብር ያስረክባል እንበል፤ በስድስት ወር 40,000 አስረክቦ 6,000,000 ብር ሽያጭ መዝግቧል። ገንዘቡ ከድርጅቱ ስላልወጣ ይህ ሽያጭ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል።

ከዚያ ታኅሣሥ 30 ማታ እጃችሁ ላይ የቀረውን እዩ። መጋዘን ያለውን 4,000 ባዶ ጀሪካን ማንም አይስተውም። የሚዘነጋው ዘይት ተሞልቶበት ገና ያልተሸጠው 2,000 ነው፤ በዘይት ክምችት ስም ስለሚመዘገብ። የማምረቻው የ30 ብር ትርፍ በሁለቱም ውስጥ አለ፤ 6,000 ጀሪካን በ30 ብር 180,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከሽያጭ 6,000,000፣ ከተሸጠ ዕቃ ወጪ 5,820,000፣ ከክምችት 180,000 ብር ይቀነሳል። ሰኔ 30 ላይ በዚህ መልክ የተቀነሰ ትርፍ ከነበረና ዕቃው በዚህ መንፈቅ ለውጭ ገዢ ከተሸጠ ያ ትርፍ አሁን ወደ መንፈቁ ትርፍ ይገባል። መኪኖቹ ከዳንግላ ኑግ ሲያመጡ መጭመቂያውን ያስከፈሉትም በዚሁ ዓይን ይታያል።

ከዓመት ላነሰ ጊዜ የሚሠራ ሒሳብን የሚመራው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤኤስ 34፣ በመንፈቅ ሙሉ የንብረት ቆጠራ አያስገድድም፤ ከሽያጭ ትርፍ መጠን ተነስቶ ክምችትን መገመት ይቻላል። የዘይት ታንከሩ ግን ቢለካ ይሻላል። ዘይት 10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.7 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ 50,000 ሊትር በያዘ ታንከር ከመጭመቂያው ትኩሱን በገባ ዘይትና በርዶ ባደረ ዘይት መካከል 350 ሊትር ልዩነት ሊታይ ይችላል። በዘንግ ብቻ ለክታችሁ አትመዝግቡ፤ ሙቀቱን ወስዳችሁ ወደ ኪሎ መንዝሩት።

የእድሳቱን ግማሽ አሁን መያዝ አይቻልም። በታኅሣሥ 30 ሥራው አልተጀመረም፣ ለማንም የሚከፈል ዕዳም የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ የሚጠይቃቸው የለም። ወጪ ይሁን ወይስ በንብረትነት ይመዝገብ የሚለውም ግንቦት ሲደርስ የሚታይ ነው። ኑግ የሚገዛው አዝመራ ሲሰበሰብ በመሆኑ ወጪና ገቢው በየወሩ እኩል አይመጣም፤ ይህን በማብራሪያ ጻፉት እንጂ ቁጥሩን አታስተካክሉት።

ለግብሩ 30 በመቶ የሚበቃው ተቀናሽ የማይሆን ወጪ (ግብር ሲሰላ ከገቢ ላይ የማይቀነስ) እና የመሳሰለው ልዩነት ከሌለ ነው። አይኤኤስ 34 የሚጠይቀው የዓመቱን አማካይ የግብር መጣኔ ነው። የዓመቱ ትርፍ 20,000,000 ብር ይሆናል ብላችሁ ብትገምቱና ለግብር ተቀናሽ የማይሆን 2,000,000 ብር ወጪ ቢኖር፣ የ22,000,000 ብር 30 በመቶ 6,600,000 ነው፤ ከ20,000,000 አንጻር 33 በመቶ። የመንፈቁ ትርፍ 7,000,000 ከሆነ ግብሩ 2,310,000 ብር ነው። በ30 በመቶ ብትሠሩት 210,000 ብር ይጎድላል።

ያልጠየቃችሁን አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሒሳብ የሚመለሰው በንጽጽር ዓምዱ ነው። የሀብትና ዕዳ መግለጫው የሚነጻጸረው ካለፈው ሰኔ 30 ጋር ነው፤ ካምናው ታኅሣሥ ጋር አይደለም። የትርፍና ኪሳራው፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱና የካፒታል ለውጡ ግን ካምናው ሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ካለው ጋር ይቀመጣሉ። አምና የመንፈቅ ሒሳብ ካልሠራችሁ ያንን ከመዝገብ አውጥታችሁ፣ የአምናውን የጀሪካን ትርፍም ቀንሳችሁ፣ አሁኑኑ አዘጋጁት።