ከ«1984» በኋላ ተራው ነገር ለምን ውድ ሆነ?

«1984ን ካነበብኩ ወዲህ ብቻዬን መቀመጥ እንኳ ቅንጦት መሰለኝ፤ ጤነኛ ነኝ?» ላልከው፣ ጤነኛ ነህ። የዚህ የጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው የዊንስተን አመፅ እኮ የሚጀምረው ባዶ ደብተር ላይ የልቡን በመጻፍ ነው። የሚከለክል ሕግ እንኳ የለም፤ ከተያዘ ግን ሞት ወይም ቢያንስ 25 ዓመት የግዳጅ ሥራ ይጠብቀዋል። እኔን የባሰ ያስደነገጠኝ የፊቱ ነገር ነው። በቴሌስክሪኑ (ሰውን ሁሉ በሚሰልለው ስክሪን) ፊት ያልተፈቀደ ገጽታ ማሳየት ራሱ ያስቀጣል። አስበው፣ መኮሳተር እንኳ አትችልም! እኛ ሐሳባችንን እንቀይራለን፣ ከጓደኛ እንከራከራለን፣ ያልጣመንን መጽሐፍ ግማሽ ላይ እንተዋለን። ማንም «ለምን?» አይለንም (ቤተሰብ ካልሆነ በቀር)። ቀጥሎ የሬይ ብራድበሪን «ፋራናይት 451» ካሰብክ ግን መጀመሪያ ትንሽ እረፍት ውሰድ። እዚያ ደግሞ የሚቃጠለው መጽሐፉ ራሱ ነው።