በማታውቁት ተራራ ላይ ሞተር ስትነዱ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ስለ ሞተር የሚጻፍልን ደብዳቤ ይበዛል። የዛሬዎቹ አራቱም ከአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉ ዳገቶችና ቁልቁለቶች የመጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ረዘም አድርገን መልሰናል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ጉዳይ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቦክሰር ሞተር አለኝ። ከተማ ውስጥ የትም ብትልኩኝ አልቸገርም። አሁን ግን ሥራዬ ከአዲሱ ገበያ ወዲያ ሊያወጣኝ ነው፤ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ አንዳንዴም ፍቼ ድረስ። በቀደም ከሁለት የፍቼ ልጆች ጋር ወጣሁ። እነሱ ኩርባውን ሲበሩበት እኔ ልደርስባቸው ስል አንዱ መታጠፊያ ላይ መስመሬን ለቅቄ ወጣሁ፣ ሲኖትራክ ፊት ለፊት መጣብኝ። ለትንሽ ተረፍኩ። ከተማ ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ተራራ ላይ ምን ነካኝ?
ሞተረኛው፣ ከአየር ጤና

መልስ፦ እንኳን አተረፈህ ወንድሜ። ምንም አልነካህም። ልጆቹ መንገዱን በቃላቸው ያውቁታል፣ አንተ አታውቀውም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ጠጠሩ የት እንደሚከማች፣ የትኛው መታጠፊያ መሐል ላይ ሲደርስ እንደሚጠብ ያውቃሉ። አንተ የምታየው የእነሱን የኋላ መብራት ብቻ ነበር። ከአገሬው ልጅ ጋር ስትወጣ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ «እኔን አትጠብቁኝ፣ ጫንጮ እንገናኝ» በላቸው። ነውር የለውም። አብሮህ የሚሄደው ሰው በዚህ ከሳቀብህ ለብቻህ ሂድ።

አንድ ነገር ያዝ። ፍጥነትህን የሚወስነው ዓይንህ የሚያየው ርቀት ነው። በምታየው መንገድ ውስጥ መቆም ካልቻልክ በጣም ፈጥነሃል፣ የፍጥነት መቁጠሪያው 40 ቢልም እንኳ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ፤ ያቺ ሰከንድ ደግሞ አደጋውን አይተህ እጅህ ፍሬን እስኪይዝ ያለችው ናት፣ ሞተሩ ገና መቆም አልጀመረም። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ የሚፈልገው ርቀት ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ30 እና በ60 መሐል ያለው ልዩነት የሚመስለውን ያህል ትንሽ አይደለም።

ኩርባውን ከሩቅ ማወቅ የምትችልበት ዘዴ አለ። የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ከፊትህ የሚገናኙ የሚመስሉበትን ቦታ እይ። ስትጠጋው እሱም እየሸሸ ከሄደ መታጠፊያው እየተከፈተ ነው። ባለበት ከቆመ ወይም ወደ አንተ ከመጣ እየጠበበ ነው፣ ነዳጁን ቀንስ። የባሕር ዛፍ ሰልፉንና የመብራት ምሰሶውን ግን አትመን። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ገደሉን ይሻገራል፣ አስፋልቱ ግን ሌላ ቦታ ይታጠፋል፤ በተለይ ሲመሽ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ፍጥነትህን መቀነሱን ከመታጠፊያው በፊት ጨርስ። ማርሽህን ቀንስ፣ ግባ፣ ከዚያ ነዳጁን በስሱ እየሰጠህ ውጣ። ፈጥነህ ከገባህና ከደነገጥክ ደግሞ ገደሉን ወይም የሚመጣውን መኪና አትይ። ዓይንህ የቆመበት ቦታ ሞተሩም ይሄዳል፣ ይህን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። መውጫውን እይና በምትታጠፍበት በኩል ያለውን መሪ ወደ ፊት ገፋ አድርገው፤ ወደ ቀኝ ከሆነ የቀኙን። ሞተሩ የበለጠ ይጋደማል። ንጹሕና ደረቅ አስፋልት ላይ ሞተር ነጂው ከሚደፍረው በላይ ሊጋደም ይችላል። የሚጥልህ ተጋድመህ ሳለ የፊት ፍሬኑን ድንገት ጭምቅ ማድረግ ነው።

የት መስመር ላይ ልሁን ለሚለው፣ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ሁለቱ መታጠፊያዎች አደጋቸው ይለያያል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ኩርባውን ቆርጦ ያንተን መስመር ሊይዝ ይችላል፤ በዚያ ላይ ጠጠሩ የሚከማቸው ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፍ ደግሞ ጎማህ መስመርህ ውስጥ ሆኖ ሳለ ስትጋደም ጭንቅላትህ የመሐሉን መስመር አልፎ ይወጣል። ጎማህን እያየህ «በመስመሬ ነኝ» ትላለህ፣ መኪናው የሚያገኘው ግን ራስህን ነው። ስለዚህ ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ ከመሐሉ መስመር ራቅ በል።

አሁን ደግሞ የኛን አገር መንገድ የሚመለከት ነገር። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅጠል ወይም ተርታ የተቀመጠ ድንጋይ ካየህ ወዲያው ቀንስ፤ ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ ከባድ መኪና ቆሟል ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። ሾፌሩ ጎማው ሥር ያስገባውን ድንጋይ ሳያነሳ ይሄዳል። ያ ድንጋይ ለሲኖትራክ ምንም አይደለም፣ ለሞተር ግን ሞት ነው። በግልጽ እንናገር፣ ድንጋዩን ጥሎ የሚሄድ ሾፌር ሰው እየገደለ ነው። አንተም ካየኸው፣ ቦታው ከፊትም ከኋላም የሚታይ ከሆነ፣ ከአስፋልቱ ወጥተህ ቁምና አንሳው። ኩርባ መሐል ግን አትቁም።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። ከግንባታና ከድንጋይ ማውጫ የሚወጣ መኪና በጎማው ይዞት አስፋልት ላይ ያራግፈዋል፤ ዝናብ ነካ ሲያደርገው እግረኛ እንኳ አይቆምበትም። ጥቁር ጭረት አስፋልቱን ሲያቋርጥ ካየህ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ፣ ፍሬን ሳትይዝ፣ በቀስታ እለፍ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ደቂቃዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ በበጋ የጠጣው ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ ይነሳል። እንጦጦ ላይ ደግሞ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለ።

ስለ አህያ እንዳትረሳ። አንዷ ከተሻገረች ሌሎቹ ይከተላሉ፣ ስለዚህ ለመጀመሪያዋ ስትቀንስ ለአምስተኛዋም ቀንስ። ክላክስ አታብዛባቸው፣ ይደነግጡና ወደ አንተ ይመጣሉ። እንጨት ከኋላ የተሸከመች ሴት ስታልፍም እንጨቱ ወደ ጎን ስንት ሜትር እንደሚወጣ አስብ፤ እሷ ጥሩንባህን ሰምታ ዞር ስትል እንጨቱም አብሮ ይዞራል።

መቅደም ላይ አንድ ነገር ልጨምርልህ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፣ ሞተሩም የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል። ዳገት ላይ ከባድ መኪና ልትቀድም ስትል ሞተሩ ከተማ ውስጥ የለመድከውን ጉልበት አይሰጥህም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይደክምብሃል። ሙሉ በሙሉ የሚታይ ቀጥታ መንገድ እስክታገኝ ጭሱን ታገስ። ከተሞቹ መግቢያ ላይ ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስለሚኖር የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ስታይ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ የሞተሬ ፍሬን ይሸታል፣ ታች ስደርስ ደግሞ እግሬ ሲጫነው ልል ይላል። ጠግኜዋለሁ፤ አሁንም ያው ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፍሪ (ማርሽ ሳላስገባ) ነው የምወርደው፣ ይህ ችግር ይሆን?
ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ አዎ ጋሼ፣ ችግሩ እሱ ነው። በፍሪ ሲወርዱ የሞተሩንም የእርስዎንም ክብደት የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ያለማቋረጥ ሲይዙት የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ መያዙን ያቆማል። ሽታው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያው ነው።

ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለሞተርም ይሠራል። ሽሮ ሜዳን በሁለተኛ ማርሽ የሚወጡት ከሆነ በሁለተኛ ይውረዱ። ነዳጁን ሲለቁት ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድዎታል፣ ፍሪሲዮኑን አይያዙት። ፍሬኑን ደግሞ ለረጅም ጊዜ በስሱ ከመያዝ ይልቅ ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁ፣ በመሐል ይቀዝቅዝ። ሁለቱንም ይጠቀሙ። ብዙ ሰው የፊቱን ፈርቶ በኋላው ብቻ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ቀጥ ባለ ቦታ፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይያዙት።

ከሸተተዎ ቆመው ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፣ ውኃ አያፍሱበት። መካኒክዎ የሸራውን ውፍረት አሳይቶ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ። የፊቱ ዲስክ ከሆነ የፍሬን ዘይቱም እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። በፍሪ የሚያተርፉት ነዳጅ ጥቂት ነው፣ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሰንዳፋ ነው የሚሠራው። አንዳንዴ ከኋላው ተቀምጬ ከለገጣፎ አብሬው እሄዳለሁ። ኩርባ ላይ ሲጋደም እፈራና ወደ ሌላው ጎን እሸሻለሁ፣ እሱም ይቆጣኛል። ነጠላዬም ስለሚያስቸግረኝ በጎን እቀመጣለሁ። ጥፋቱ የማን ነው?
ከለገጣፎ

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው፤ ማስረዳት ሲገባው መቆጣቱ ግን ልክ አይደለም። ይህን ጽሑፍ አሳዪው።

ሞተር ካልተጋደመ አይታጠፍም። አንቺ በተቃራኒው ስትሄጂ እሱ ካሰበው ውጪ ሰፍቶ ይወጣል፣ ወደሚመጣው መኪና። ከእሱ በላይም መጋደም የለብሽም፤ ሞተሩ ሲጋደም ዝም ብለሽ አብረሽ ሁኚ። የሚቀለው በሚታጠፍበት በኩል በትከሻው ላይ አሻግሮ ማየት ነው፣ ሰውነትሽ ራሱ ይከተላል። ወገቡን ያዢ፣ ወይም ከኋላ ያለውን ብረት።

በጎን መቀመጥ ይቅር። ድንገት ፍሬን ሲይዝ የምትይዢው ነገር የለሽም፣ ክብደቱም ወደ አንድ ጎን ያደላል። ሱሪ ልበሺ፣ ቀሚሱን ሰንዳፋ ስትደርሺ ቀይሪ። ነጠላውን አጣጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ ክተቺው፤ ጫፉ ሰንሰለት ወይም የኋላ ጎማ ከያዘው ሰው ይዞ ይወርዳል፣ ይህ ማጋነን አይደለም። እግርሽ ማርሚታውን እንዳይነካ፣ ያቃጥላል።

ሄልሜትሽስ? በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለእሱ አንድ ተገዝቶ ለአንቺ ካልተገዛ ሁለተኛው እስኪገዛ በሚኒባስ ሂጂ። እሱም ሁለት ሰው ሲጭን የኋላ ጎማውን ንፋስ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጨምርበት፣ የሚያስፈልገው የመቆሚያ ርቀትም እንደሚረዝም ይወቅ። ትከሻውን ሁለቴ ስትነኪው ቀስ እንዲል ተስማሙ። ይስማማል ብለን እናስባለን።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ በሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ አዲስ አበባ ሥራ እገባለሁ። ጭጋጉ ምንም አያሳይም። ረጅም መብራት ሳበራ ይብሳል። ምን ላድርግ?
ከሱሉልታ

መልስ፦ ረጅሙ መብራት ጭጋጉ ላይ አርፎ ወደ ዓይንህ ይመለሳል፣ አጭሩን አብራ። የሄልሜትህ መስታወት ከውስጥ በትንፋሽ ሲደበዝዝ ትንሽ ከፈት አድርገው። ከፊትህ ያለውን መኪና መብራት ተከትለህ አትሂድ፤ እሱ ሲመታ አንተም ትመታለህ። የኋላ መብራት የሌለው ጋሪና ከባድ መኪና ስለሚኖር የአስፋልቱን የቀኝ ጠርዝ እያየህ ሂድ፣ ግን ጠርዙ ላይ አትውጣ። በዚያ ሰዓት አትሌቶች ልምምድ ላይ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎችም መንገድ ላይ አሉ። ጅብም ይሻገራል፤ ዓይኑ ሲያበራ ካየህ ቀንስ እንጂ ዘወር ለማለት አትሞክር። አንጸባራቂ ሰደርያ ልበስ፣ የኋላ መብራትህን በየቀኑ ጠርገው።

ምንም ካልታየህ አስፋልቱ ዳር አትቁም፣ ከኋላ የሚመጣው አያይህም። ነዳጅ ማደያ ወይም ግቢ ውስጥ ገብተህ ጠብቅ። ጭጋጉ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይነሳል። አለቃህን በክረምቱ ወራት አንድ ሰዓት ዘግይቼ ልግባና ማታ ልካስ ብለህ ጠይቀው።