ነጥቡ የማን ነው? የባድሚንተን ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአጣማሪው ጋር ሁለት ጊዜ ውጭ ሄዶ የዓለም ደረጃ ነጥብ አግኝቷል። አሁን አጣማሪው «ትምህርቴ ይበልጥብኛል» ብሎ ሊያቆም ነው። ነጥቡ ለወንድሜ ይቀርለታል? ለመሆኑ በጥንድ ብቻ መጫወት ያኖራል?
(እህት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አይቀርለትም። ነጥቡ የጥንዱ ነው፤ ከሌላ ልጅ ጋር ሲጣመር ደረጃ ሰንጠረዡ ላይ የሚገባው እንደ አዲስ ጥንድ ነው። የሚቆጠረው የ52 ሳምንት ውጤት ነው፤ ከ10 ውድድር በላይ የተጫወተ ጥንድ ደግሞ ምርጥ 10ሩ ብቻ ይያዝለታል። ስለዚህ ልጁ ሊያቆም ከሆነ ቁርጡን አሁኑኑ ይንገረው። ወንድምሽ አዲስ አጣማሪ ሲፈልግ ስማሹ (ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚመታው ኳስ) የሚያስደነግጠውን ብቻ እንዳያይ። መረብ ሥር፣ ከማስጀመሪያው ምት ሲቆጠር፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ኳስ ቀድሞ የሚነካ ልጅ ይበልጣል፤ ግራኝ ከሆነማ ለተጋጣሚ ራስ ምታት ነው። ድብልቅ ጥንድ (ወንድና ሴት) ሰንጠረዡ የተለየ ስለሆነ እዚያም ጎን ለጎን ይጫወት፤ አንዱ አጣማሪ ቢጠፋ ሁሉም ነገር አብሮ አይጠፋም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በዓለም ቱር (በዓለም ዙሪያ በሚካሄዱት ትልልቅ ተከታታይ ውድድሮች) ከሱፐር 500 ጀምሮ ወደ ታች ባሉት ደረጃዎች የጥንድ አሸናፊ ከጠቅላላው ሽልማት 7.9 በመቶ፣ የነጠላ አሸናፊ 7.5 በመቶ ያገኛል። የሽልማቱ ድምር 100,000 ዶላር ቢሆን ጥንዱ 7,900 ይወስዳል፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3,950። የነጠላው 7,500ውን ብቻውን ይዞ ይሄዳል። ከዓለም ቱር በታች ባሉት ደረጃዎች ላይ፣ ማለትም ኢንተርናሽናል ሲሪስና ፊውቸር ሲሪስ ላይ፣ ትኬትና ሆቴል ከሽልማቱ ስለሚበልጡ ከሌላ ቦታ ገቢ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ እዚህ ወደ ኋላ የምመታው ኳስ ሁሉ ከመስመር ይወጣል። ዝቅተኛ አገር ሄጄ ስጫወት ደግሞ መሃል ሜዳ ላይ ይወድቅና በስማሽ ይጨርሱኛል። ክንዴ ነው ወይስ ኳሱ?
(ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሹትሉን (የባድሚንተኑን ኳስ) ቶሎ አይዘውም። የቱቦው ክዳን ላይ የፍጥነት ቁጥር 77 የተጻፈበት ለዝቅተኛ አገር የሚሆን ሹትል እዚህ ይበርራል። 75 ወይም ከዚያ በታች ፈልግ፤ የናይለን ከሆነ አረንጓዴ ቀለበት ያለውን፣ እሱ ዝግተኛው ነው።

መፈተኑ ቀላል ነው። የኋላ መስመሩ ላይ ቁም፣ ከሥር ወደ ላይ በሙሉ ኃይልህ፣ ከጎን መስመሩ ሳታጣምም ምታው። ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀርቶት ቢወድቅ ትክክል ነው። መስመሩን ካለፈ ለልምምድ ብቻ አንዱን ላባ እየዘለልክ ጫፉን ወደ ውጭ እጠፍ፤ ይዘገያል። ውድድር ላይ ግን ይህን ማድረግ ለተጫዋች ክልክል ነው።

ሌላው ችግር በጋ ላይ ላባው ደርቆ በሁለት ስማሽ መሰበሩ ነው። በዋዜማው የቱቦውን ሁለት ጫፍ ከፍተህ በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ 5 ሰከንድ ያህል ያዘው፣ ከዚያ ክደነውና ይደር። ከዚያ በላይ ካቆየኸው ላባው ይከብዳል፣ ቡሹም ይረጥባል።

ወደ ዝቅተኛ አገር ስትሄድ ከጨዋታው 2 ቀን ቀድመህ ግባ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከኋላ እስከ ኋላ በመምታትና በማንሳት ብቻ ጨርሰው። ስማሽ ይቆይ፤ መጀመሪያ የሚከዳህ ርቀትህ ነው።

ጥያቄ፦ ዳኛው ሰርቬን (የማስጀመሪያ ምቴን) «ከፍ ብሏል» እያለ ነጥብ ይወስድብኛል። ወገብ ድረስ አልነበረም እንዴ?
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ወገብ የድሮ ሕግ ነው። አሁን ራኬቱ ሲነካው ሹትሉ በሙሉ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት፤ አጭርም ረጅምም ተጫዋች ልኩ ያው ነው። የመረቡ ምሰሶ 1.55 ሜትር ስለሆነ ከጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ወርደህ ፕላስተር ለጥፍበት። ጓደኛህ ዓይኑን እዚያ ከፍታ ላይ አድርጎ ከጎን ይይህ፤ 50 ሰርቭ ምታ።