«አምናለሁ በል» ቢባል ይታመናል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመለስ «እግዚአብሔር መኖሩን አላምንም» አለኝ። ስቆጣው «እማ፣ ማመን እኮ ምርጫ አይደለም። ሳቢያን ሰፈር ላይ የግንቦት ፀሐይ አናትሽን እየበሳሽ፣ ዛሬ ብርድ ነው ብለሽ ማመን ትችያለሽ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስለቴን ላደርስ ስሄድ ሻንጣዬን ይዞልኝ መጣ እንጂ አልጸለየም፣ አልተሳለመም። አሁን «ወይ አምናለሁ በል፣ ወይ ከቤቴ ውጣ» ብዬዋለሁ። ወዶ የካደ አይደለም ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ አይቆጡኝና ስለ ፀሐዩ ልጅዎ ልክ ነው። የተራበ ሰው «ጠግቤያለሁ» ስላለ አይጠግብም። «አምናለሁ በል» ሲሉት እርስዎ የጠየቁት ቃሉን ብቻ ነው። ፈርቶ ቢሰጥዎ ምን ያተርፋሉ? ቤትዎ ውስጥ አንድ ውሸታም ይጨመራል። እስካሁን ቢያንስ አልዋሸዎትም።

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። የሚያመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። ከጥያቄው በስተጀርባ ሁሌም አንድ ስሕተት አገኛለሁ፦ እምነት ማለት ልብ ውስጥ ያለ እርግጠኝነት ነው ብለን እናስባለን። ያ ካለህ አማኝ፣ ከጎደለህ ከሃዲ። በዚህ ስሕተት የሚጎዱት ልጆቹ ብቻ አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቀድሱ የኖሩ ሰዎች «ቅዳሴ ላይ ቆሜ ምንም አይሰማኝም፣ ከድቼ ይሆን?» እያሉ ይጨነቃሉ።

እስቲ የመጋላን ገበያ ያስቡ። ነጋዴው ለደንበኛው ዕቃ በእምነት ይሰጣል። የሰውየውን ልብ ከፍቶ አላየም። ምናልባት ማታ ሲተኛ ይሰጋል። ግን ሰጥቷል። «ታማኝ» የሚለው ቃላችንም የወጣው ከዚያው ከ«አመነ» ነው። ታማኝ ጓደኛ የምንለው አንድም ቀን ያልተጠራጠረንን ነው እንዴ? በክፉ ቀን ጥሎን ያልሄደውን ነው እንጂ።

ምርጫው ያለው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እግዚአብሔር እሳትና ውኃ በፊትህ አኑሯል፣ ወደ ወደድኸው እጅህን ትዘረጋለህ ይላል። እጅህን ነው ያለው። እጅና እግር ይታዘዛሉ፤ ልብ ዘግይቶ ይደርሳል፣ እሱንም የሚስበው እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ልጅዎንም አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ያላመነውን «አምኛለሁ» እንዲል አይደለም። ጆሮውን ለማን እንደሚሰጥ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ግን የመረጠው ራሱ ነው፤ ለዚህ ኃላፊነት አለበት። አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ «ምርጫ የለኝም» ቢለኝ አልቀበለውም።

ቶማስን እንይ። «ካላየሁ አላምንም» ብሎ ለሌሎቹ ደቀ መዛሙርት በግልጽ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙዎቻችን ዘልለን እናልፋለን። ዮሐንስ 20፥26 ላይ ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ተሰብስበው ሳለ ቶማስ ከእነርሱ ጋር ነበረ። አስቡት፣ ስምንት ቀን! ሌሎቹ ጌታን አይተው ደስ ብሏቸዋል፤ እሱ አላየም። እሱ አልሄደም፣ እነሱም አላባረሩትም። አንዱ ሐዋርያ «ወይ እመን፣ ወይ ውጣ» ቢለው ኖሮ ጌታ በመጣ ጊዜ ቶማስ የት ይገኝ ነበር?

ልጅዎ እስከ ቁልቢ ሻንጣዎን ይዞ መጥቷል። ያን ሁሉ ሕዝብ እየተጋፋ፣ በማያምንበት ስለት፣ ለእናቱ ብሎ። እርስዎ ያላደረገውን ቆጠሩ እንጂ ያደረገውን አልቆጠሩለትም።

ሌላም አለ፣ ትንሽ ሊያምዎ ይችላል። ማርቆስ 9 ላይ ልጁ ታሞበት ወደ ጌታ ያመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። እዚያ ቦታ ላይ አለማመን የተገኘው በወላጁ ነው። ጌታም መጀመሪያ እምነትህን ሙላ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። እርስዎም ይህችን ጸሎት ስለ ልጅዎ ከመጸለይዎ በፊት ስለ ራስዎ ይጸልዩአት። ልጅን ከቤት ማስወጣት እግዚአብሔር ይመልሰዋል ብሎ ከማያምን ልብ የሚወጣ ነገር ነው።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። «ውጣ» ያሉትን ቃል ዛሬውኑ ያንሡ። ይቅርታም ይጠይቁት፤ እናት ይቅርታ ብትጠይቅ አትዋረድም። «ቁረብ» ብለው አያስገድዱት፤ ሳያምኑ መቁረብ ለእሱም አይበጅም። ለጎረቤትና ለዕድር ሰው ጉዳዩን አያውሩት። የጾም ወጥ ሠርተው አብራችሁ ብሉ። ከጠየቀዎትና መልሱን ካላወቁት «አላውቅም» ይበሉት። ከፈለገ ወደ እኔም ይምጣ፤ ስለ ግንቦቱ ፀሐይ የምጠይቀው አለኝ።

ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ ሲወጡም «ትመጣለህ?» ይበሉት። አንድ ጊዜ ብቻ። አልመጣም ካለ፣ ሻንጣዎን ቀለል አድርገው ያዘጋጁ።