በጡት ቀዶ ሕክምና ዙሪያ ስለ ተመስጦ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጅማ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጡታቸውን ለመታከም የሚመጡ እናቶችንና እህቶችን ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ቁስላቸው እስኪደርቅ አስታምማለሁ። ስለ ተመስጦ፣ ማለትም ስለ ሜዲቴሽን፣ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ተመስጦ ካንሰርን አያድንም። ዕጢውን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ተመስጦ የሚያግዘው ታካሚዋ ፍርሃቱንና ሕመሙን እንድትችለው ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

እናቴ ከሊሙ መጥታ እኔ ጋ አርፋለች። ቀዶ ሕክምናዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ታድራለች። ከምን እንጀምር?

ከትንፋሽ ጀምሩ፤ ዛሬ ማታውኑ። እናትሽ በሚመቻቸው ሁኔታ ጋደም ይበሉ፤ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ያሳርፉ። እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫቸው ይሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። ቁም ነገሩ አወጣጡ ከአሳሳቡ መርዘሙ ነው፤ ትንፋሽ ዝግ ብሎ ሲወጣ የልብን ምት የሚያረጋጋው ነርቭ ይበረታል፣ የተወጠረ ትከሻም ይላላል። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሐሳባቸው መሄዱ አይቀርም፤ «ከብቶቹን ማን ያያቸዋል? ባልነቃስ?» ይላል። ያኔ ራሳቸውን ሳይቆጡ ወደ ትንፋሻቸው ይመለሱ። ሥራው ይኸው መመለስ ነው። ደግሞ ልጄ፣ እናትሽ የሚቀላቸው አፋን ኦሮሞ ከሆነ መመሪያውን በአፋን ኦሮሞ በራስሽ ድምፅ ስልክሽ ላይ ቅጂላቸው። የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ተራ ሲጠብቁ ያዳምጡታል። ያን ቀን ግን አዲስ ነገር መልመድ አይቻልም፤ ለዚህ ነው ዛሬ ጀምሩ የምለው።

ሙስሊም ነኝ። ሜዲቴሽን ከሌላ እምነት የመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሐራም አይሆንብኝም?

ሥሩ ከቡድሃ እምነት ተከታዮች ልምምድ መሆኑን አልደብቅሽም። በሆስፒታል የሚሰጠውን የስምንት ሳምንት ሥልጠና ግን ጆን ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1979 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምሩት አምልኮ የሌለበት አድርገው ነው። ብያኔውን ኡስታዝሽን ጠይቂ፤ እኔ በዚያ አልገባም።

ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ ነገር የግድ አያስፈልግሽም። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋን ዜማ መርምሮ ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል እንደሚያወርዱት አሳይቷል፤ ይህ የልብ ምት ከትንፋሽ ጋር የሚስማማበት ፍጥነት ነው። ጥናቱ ዚክርን፣ ማለትም አላህን ደጋግሞ ማውሳትን፣ አልለካም። ሆኖም መስቢያሽን ይዘሽ እያንዳንዱን «ሱብሃነላህ» በአንድ ረጅም የትንፋሽ መውጣት ላይ ብታሳርፊው አካሄዱ ያው ነው። ኦርቶዶክሶቹም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን ሳይቻኮሉ እንደዚሁ ሊሉት ይችላሉ። በእኛ ክፍል ጎን ለጎን የተኙ ሁለት እናቶች አንዷ በመስቢያ፣ ሌላዋ በመቁጠሪያ ሌሊቱን ሲገፉት ማየት የተለመደ ነው። እኔ ሁለቱንም አበረታታለሁ።

እውነት ሕመም ይቀንሳል ወይስ ማጽናኛ ብቻ ነው?

ይቀንሳል፤ አያጠፋም። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከጡታቸው በመርፌ ናሙና የሚወሰድላቸው 121 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት በ2016 ታትሟል። የተቀዳ የተመስጦ መመሪያም ሆነ ሙዚቃ ያዳመጡት ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሷል፤ ሕመምን በተመለከተ ግን ተመስጦ ያዳመጡት ሙዚቃ ካዳመጡት ያነሰ ተሰምቷቸዋል። ቀደም ብሎ በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ በ200 ሴቶች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ከጡት ቀዶ ሕክምና በፊት የ15 ደቂቃ ሂፕኖሲስ (ባለሙያ በንግግር እየመራ ታካሚዋን ወደ ጥልቅ ትኩረት የሚያስገባበት ዘዴ) ያገኙት ሕመማቸው፣ ማቅለሽለሻቸውና ድካማቸው ቀንሶ ታይቷል። ሂፕኖሲስ ተመስጦ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም በትኩረት ላይ የሚሠሩ ናቸው። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም በ2018 ተመስጦ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን ጭንቀት ለመቀነስ እንዲሰጥ የሚለውን ምክር ተቀብሎ አጽድቋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈርታ የገባች ሴት ስትነቃ ሕመሙ ይበረታባታል። ቁስሉ አንድ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ደረትና ትከሻን ጨምድዶ በላዩ ሌላ ሕመም ይጨምርበታል።

እንግዲያው ማስታገሻውን ብተወውስ?

በፍጹም። መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጪ፤ ተመስጦውን በላዩ ጨምሪበት። ሕመም ችሎ መተኛት ጀግንነት አይደለም፤ እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ፣ በደንብ እንዳትተነፍሺ ያደርግሻል፣ ማገገምሽንም ያዘገየዋል።

ግራ ጡቴ ከወጣ ወር አልፎኛል። ብብቴና የክንዴ ውስጠኛው ክፍል ይደነዝዛል፣ አንዳንዴ ይለበልበኛል። የሌለው ጡቴ ሳይቀር ያሳክከኛል። አእምሮዬ ተነካ ይሆን?

አልተነካም እህቴ። በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ አለ፤ እዚያ አካባቢ ሲሠራ ይጎዳል፣ መደንዘዙና መለብለቡ ከዚያ ነው። የወጣው ጡት ያለ መስሎ መሰማቱም በብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ፣ ስም ያለው ነገር ነው፤ አንጎል የአካልን ካርታ ወዲያው አይለውጥም።

ለዚህ የምመርጠው አካልን በሐሳብ መዳሰስ ነው። ከቁስሉ አትጀምሪ። ከእግርሽ ጣቶች ተነሺ፤ ሙቀታቸውን፣ የአንሶላውን ንክኪ ልብ በይ። ወደ ባት፣ ወደ ጉልበት፣ ወደ ወገብ ውጪ። ደረትሽ ጋ ስትደርሺ ብዙ ሳትቆዪ በቀኝ በኩል እለፊ፣ በሌላ ቀን ደግሞ በግራ። አንዲት እናት ከቁስሏ የሚወጣው ፈሳሽ የሚጠራቀምበትን ጠርሙስ ከአሮጌ ነጠላ በሰፋችው ኪስ ውስጥ አንጠልጥላ፣ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋ ስትለማመድ አይቻለሁ፤ ጠባሳዋ ጋ ሳትደርስ ለብዙ ቀናት ከወገቧ ትመለስ ነበር። ያም ልምምድ ነው። መለብለቡ ከሦስት ወር ካለፈ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉና ለሐኪምሽ ንገሪ።

ዓይኔን ስጨፍን ጭራሽ ይብስብኛል።

አትጨፍኚ። መስኮቱን እያየሽ፣ እግርሽን መሬት አስረግጠሽ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተንፍሺ። ከዚህ በፊት ከባድ ድንጋጤ ወይም የአእምሮ ሕመም ገጥሞሽ ከሆነ ብቻሽን አትለማመጂ፤ ባለሙያ ይኑር።

ጅማ ተቀምጦ ቡና መተው ይቻላል?

መተው አላልኩም። ነገር ግን ቡና ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይቅር። የመጾሚያውን ሰዓት ደግሞ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይነግርሻል፤ እሱን ብቻ ስሚ። ከስኒው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ወሬው ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሦስተኛው ሳይፈላ «የእገሌም እህት በዚሁ አይደል የሞተችው» ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ጠያቂ ቤተሰብ በትሕትና በር ላይ ይመልስ።

ለእናታችን «እባጭ ነው» ብለናት እንጂ ካንሰር መሆኑን አልነገርናትም። ተመስጦውን ብቻ ብናስለምዳትስ?

ፍቅራችሁ ይገባኛል። ግን እናታችሁ ፊታችሁን ያነባሉ፤ ስትንሾካሾኩ ይሰማሉ። የማያውቁትን ነገር የሚፈሩ ሴት ትንፋሻቸውን ቢቆጥሩ አያርፉም፤ ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር የሚመጣባቸው ያ ያልተነገራቸው ነገር ነው። በዚያ ላይ አካሉ የእሳቸው ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው የሚፈርሙት ምን እንደሆነ አውቀው መሆን አለበት። ሐኪሙ ባለበት፣ የሚያምኑት ልጅ እጃቸውን ይዞ ይነገራቸው። ያለቅሱ ይሆናል፤ ያልቅሱ። ትንፋሹ የሚያግዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ነገ ትወጣለች። እኔ ምን ልርዳት?

ወንድሜ፣ አብረሃት ተንፍስ። «አይዞሽ» ከማለት ይልቅ ጎኗ ተቀምጠህ አንተው ቁጠርላት። ግን ይህንንም ያዝ፦ ትኩሳት፣ የቁስል መቅላትና መግል፣ ድንገት የሚያብጥ እግር ወይም ክንድ፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር በተመስጦ አይታለፉም። «ጭንቀት ነው፣ ይለፍላት» አትበል፤ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተህ ይዘሃት ና።