መልስ፦ የሦስት ዓመት ምርምር በየሩብ ዓመቱ በመቶኛ እንዴት ይገለጻል?

እህቴ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ምርምር ተቋም እንደምትሠሪ፣ ገና በጅምር ላይ ያለ ጥናት «በመቶኛ ስንት ደረሰ?» እየተባልሽ እንደተቸገርሽ ጽፈሻል። ግኝት በመቶኛ አይለካም። የሚለካው ሥራው ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ «አዲስ ዘዴ ይገኛል» ብለሽ አትጻፊ። በእጅሽ ያለውን ጻፊ፦ ናሙና መሰብሰብ፣ የላብራቶሪ ፍተሻ፣ ትንተና፣ ረቂቅ ጽሑፍ። ለእያንዳንዱ ከመቶ ድርሻ፣ ማለትም ክብደት፣ ስጪው። የዕቅድ ክፍሉ የሚፈልገው መቶኛ ከዚያ ይወጣል።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በውጤት እንዲመዘኑ ሕግ ስታወጣ፣ መሠረታዊ ምርምር የሚደግፈው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በቁጥር መለካቱ አልሆነለትም። ሕጉ በቁጥር ለማይገለጽ ግብ ሌላ መንገድ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ የውጭ ባለሙያዎች ውጤቱን አይተው በቃላት እንዲፈርዱ ተደረገ። ይህን ለአለቃሽ አንሺለት። በዓመት አንዴ የባለሙያ ግምገማ ከመቶኛው ጎን ቢገባ ማን ይጠላል? (አበል መጠየቁ አይቀርም እንጂ።)

ያልተሳካ ሙከራም ይጻፍ። «ሞከርነው፣ በዚህ ምክንያት አልሠራም» ማለት ራሱ ክንውን ነው። የላብራቶሪ ኬሚካል ግዥ ከዘገየ ደግሞ ቀኑን ጠቅሰሽ በዚያው ሩብ ዓመት አስገቢ። ሰኔ ላይ ስታነሺው ሰበብ ይመስላል።