ስለ ስስ ጫማ ከአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች

በቅርቡ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዓይነት ጫማ የሚጠይቁ ነበሩ፤ ሶሉ ስስ፣ ተረከዙ ከፊቱ ከፍ ያላለ፣ ጣትን የማያጣብቅና በእጅ ሊጠቀለል የሚችል፣ ሚኒማሊስት ስለሚባለው ጫማ። እኔ «ስስ ጫማ» እያልኩ መልሴን አቀርባለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ይህን ጫማ አምጥቶልኝ ለወገብም ለጉልበትም መድኃኒት ነው አለኝ። ሦስት ቀን አድርጌው ግን ባቴን ክፉኛ አመመኝ። ልተወው?

ለዘለቄታው አይተዉት፤ ሕመሙ እስኪለቅዎ አስቀምጠው እንደገና ከትንሹ ይጀምሩ። የሕመሙ ምክንያት ግልጽ ነው። የተለመደው ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከተረከዙ በኩል ከፍ ስለሚል፣ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ጫማ ያደረገ ሰው ባቱና ባቱን ከተረከዙ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት በዚያው ከፍታ መሥራት ለምደዋል፤ ተረከዙ በድንገት ወደ መሬት ሲወርድ ጅማቱ በየእርምጃው ከለመደው በላይ ይሳባል። እኔ ራሴ ጫማውን ባገኘሁበት ቀን ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ደርሼ ስመለስ ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ በማግስቱ ግን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ፣ ወራት እንደሚፈጅ አውቀው ይለማመዱት። ክፍል ውስጥ ቆመው የሚውሉበትን ጫማ መጨረሻ ላይ ይቀይሩ።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። እግራችን 26 አጥንቶችና እነሱን የሚያንቀሳቅሱ በርካታ ትናንሽ ጡንቻዎች አሉት፤ ወፍራምና ደረቅ ሶል የእነዚህን ጡንቻዎች ሥራ ይቀንስባቸዋል። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ስስ ጫማ አድርገው ለስድስት ወር የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን የኖሩ ሰዎች የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 57.4 በመቶ ጨምሯል። ይህ የተገኘው በሩጫ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። መድኃኒት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ቪብራም የተባለው አምራች ስለ ጫማው ጤናማነት ያስተዋወቀው በማስረጃ አልተደገፈም ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በመከሰሱ፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ክሱን በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማምቷል። ወንድምዎ የነገሩዎት የዚያን ዘመን ማስታወቂያ ይመስለኛል።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ሙሉ ቀን ቆሜ ስለምውል ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ስስ ጫማ ይሻለኛል?

አሁን አይሆንዎትም። ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚወጋ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር በውስጥ እግር በኩል የተዘረጋው ጠንካራ ጅማት የመጎዳቱ ምልክት ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሞ መዋል በእግር ከመሄድ ይለያል፤ በምንሄድበት ጊዜ ጭነቱ ከተረከዝ ወደ ጣት ይዘዋወራል፣ በምንቆምበት ጊዜ ግን አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ሕመሙ እስኪሻልዎ ድረስ ለስላሳ መረገጫ ያለውና ጣት የማያጣብቅ ጫማ ያድርጉ፤ ከመኝታ ሳይነሱ የእግርዎን አውራ ጣት በእጅዎ ወደ ላይ እየሳቡ ውስጥ እግርዎን ያፍታቱ። በሳምንታት ውስጥ ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።

በሲዳማ ደጋ ያለችው የሁላ ልጅ ነኝ፤ ሐዋሳ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ባዶ እግር ለጤና ጥሩ ከሆነ ለምን ስስ ጫማ እገዛለሁ? አበበ ቢቂላስ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?

ይህን ጥያቄ በሌላ አገር ያለ ጸሐፊ በሁለት መስመር ሊያልፈው ይችላል፤ እኔ ግን በዚህ አካባቢ ተቀምጬ በቀላሉ አላልፈውም። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ማሸነፉ እውነት ነው። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን ደገመው። ከዚህ የምረዳው፣ የሮጠው ለዓመታት የሠለጠነ እግር መሆኑን እንጂ ጫማ ከንቱ መሆኑን አይደለም።

ከዚያ የሚበልጠው ግን የአፈሩ ጉዳይ ነው። በሲዳማ ደጋማ ወረዳዎችና በወላይታ የሚገኘው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር፣ በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በቆዳ ውስጥ ያልፋሉ፤ በተፈጥሯቸው ለዚህ ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይም ከሰውነት ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ሥሮች እያስቆጡ እግርን ያሳብጣሉ። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ሕመም ይህ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም፤ ሆኖም በእርሱ ምክንያት ስንት ሰው ከትምህርትና ከትዳር ተገልሎ ኖሯል። መከላከያው ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ እግርን የሚሸፍን ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ብቻ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ደግሞ አንጀት ውስጥ የሚኖረው የመንጠቆ ትል እጭ በቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ስስ ጫማ ሲመርጡ ሶሉ ይሳሳ፤ ላዩ ግን እግርን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። በገመድ የታሰረ ክፍት ሰንደል ውጭ አገር እንደ ስስ ጫማ ቢሸጥም ለሁላ መንገድ አልመክረውም። ባዶ እግርዎን ቤትዎ ውስጥ፣ በንጹሕ ወለል ላይ ያሠልጥኑ።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ቀለል ያለ ስለሆነ ልግዛላት?

አይግዙላት። ስኳር የእግርን የስሜት ነርቭ ስለሚያደነዝዝ፣ በስስ ሶል በኩል የገባ ጠጠር ወይም ምስማር ሳይታወቅ ቁስል ሊሆን ይችላል። ሰፊ፣ ወፈር ያለ ሶል ያለውና ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ጫማ ይሁንላቸው፤ ማታ ማታም ውስጥ እግራቸውን ይዩላቸው።

የሦስት ዓመት ልጄ እግሩ ጠፍጣፋ ነው ተብሎ ጠንካራ ጫማ አድርጊለት ተባልኩ። ልክ ነው?

በሦስት ዓመት የአብዛኛው ልጅ ውስጥ እግር ጠፍጣፋ ነው፤ ውስጥ እግር መሐል ላይ ያለው ቅስት ዕድሜው ሲጨምር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ፣ በሕንድ 2,300 ልጆችን ባካተተ ጥናት፣ ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶ፣ ከማያደርጉት ደግሞ 2.8 በመቶ ጠፍጣፋ እግር ነበራቸው። ሕመም ከሌለውና ሲሮጥ ካላነከሰ፣ ውጭ ሲወጣ በቀላሉ የሚታጠፍ ሸራ ጫማ ይበቃዋል። ሲያድግ ይደርስበታል ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ግን አይግዙለት፤ ጫማው እንዳይወልቅበት ጣቶቹን እያጠፈ መሄድ ይለምዳል።

ውድ የውጭ ጫማ መግዛት አልችልም። ከሰልባጅ እንዴት ልምረጥ?

ወረቀት ላይ ቆመው እግርዎን ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉና ወረቀቱን ቆርጠው ይዘው ይሂዱ። ወረቀቱ የጫማው ሶል ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ካሉበት በኩል ከወጣ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ቀጥለው ጫማውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጠው የተረከዙንና የፊቱን ውፍረት ያወዳድሩ፤ በመጨረሻም በሁለት እጅዎ አጥፈው ይሞክሩት። ከስፋቱ፣ ከልስላሴውና ከስስነቱ አንዱን መተው ግድ ከሆነብዎ ስስነቱን ይተዉ። ኮብልስቶን ላይ ለሚሄድ ሰው ትንሽ ወፈር ያለ ሶል አይጎዳውም፤ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጨናንቀው የሚውሉበት ጫማ ግን በየትኛውም መንገድ ላይ ይጎዳዋል።